ገበሬው «ትንበያው ዋሸን» ሲል ምን ይመለሳል?

የመንዝ ልማት ሠራተኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከመሐል ሜዳ አካባቢ ነው የምጽፈው። በልግ ሳይገባ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ወቅት ትንበያ ማስረዳት አለብኝ። ሰዉ የሚያነሣው አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ እንዳለ ላስቀምጠው፦

«ዝናቡ ከመደበኛ በታች ነው አሉን፣ በልጉ ግን ጥሩ ዘነበ። እንግዲህ ማንን እንመን?»
«ዓለም ሞቀ ትሉናላችሁ፤ እኛ ጋ ውርጩ ገብሱን ሲያነደው አታዩም?»
«ፀሐይ ቀርባ ነው» ወይም «ኦዞን ተቀዶ ነው»።
«ዝናቡን ያባረረው ባህር ዛፉ ነው።»
አባቶች ደግሞ «የፈጣሪ ሥራ ነው፤ ዓመቱ በየትኛው ወንጌላዊ ዘመን እንደዋለ ነው ነገሩ» ይላሉ።

መብራትም ፕሮጀክተርም የለም፤ ያለኝ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ንድፈ ሐሳቡን አላጣሁትም። የምፈልገው በእጅ የሚያዝ፣ በዓይን የሚታይ ማስረጃ ነው።

ዝናብ ለኪ፦
ወንድሜ፣ ካለህ አንድ ሰዓት ግማሹን ለመጀመሪያው ጥያቄ ስጠው። እምነቱ የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብታስረዳ ይኸኛው ካልተመለሰ አይሰሙህም።

«መደበኛ» የሚለው ቃል እንዴት እንደሚሠራ አሳያቸው። የ30 ዓመት የበልግ ዝናብ መዝገብ ይወሰዳል፤ አሁን በብዛት የሚሠራበት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። 30ው በልግ ከደረቁ ወደ እርጥቡ ይደረደራል። በጣም ደረቅ የነበሩት 10ሩ «ከመደበኛ በታች»፣ መካከለኞቹ 10 «መደበኛ»፣ እርጥቦቹ 10 «ከመደበኛ በላይ» ይባላሉ። ምንም መረጃ ከሌለ ለሦስቱም ያለው ዕድል እኩል ነው፣ በግምት 33 በመቶ። የትንበያ ባለሙያው የባሕሩን ሙቀትና የነፋሱን ሁኔታ አይቶ ይህን እኩልነት ወደ አንድ ወገን ያጋድለዋል፤ ለምሳሌ 45 በመቶ በታች፣ 35 በመቶ መደበኛ፣ 20 በመቶ በላይ።

አሁን ባቄላ አምጣ። በመጠን የሚመሳሰሉ 20 ፍሬዎች ምረጥ። 9ኙን በከሰል አጥቁር (ከመደበኛ በታች)፣ 4ቱን በጠመኔ አንጣ (ከመደበኛ በላይ)፣ 7ቱን እንዳሉ ተው (መደበኛ)። በከረጢት ጨምረህ አንድ ገበሬ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ እንዲያወጣ አድርግ፤ ቀለሙን በሰሌዳ ላይ ጻፍ፤ ፍሬውን መልስ፤ ከረጢቱን ናጥ፤ ሌላ ሰው ያውጣ። 10 ጊዜ ይደጋገም። ነጩ አንዴ ሁለቴ መውጣቱ አይቀርም ማለት ይቻላል። ያ ነጭ ፍሬ «ዋሹን» የተባለበት በልግ ነው። እንዲያውም «20 በመቶ» በተባለባቸው ብዙ ዓመታት ሁሉ አንዴም ጥሩ ባይዘንብ ነበር ትንበያው ጉድለት አለበት የሚባለው። ሁለት ስህተት እንዳይሠራ ተጠንቀቅ፤ ፍሬው በመጠን ከተለያየ እጅ ይለየዋል፤ የወጣው ካልተመለሰ ደግሞ ዕድሉ በየዙሩ ይለወጥና ትምህርቱ ይበላሻል።

እውነቱን መናገር ካለብን ጥፋቱ የገበሬው አይደለም። ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚወጣው ትንበያ በሦስት ተከፍሎ ከነመቶኛው ነው፤ ከወረዳ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ጎጥ ሲወርድ መቶኛው ይረግፍና «ዘንድሮ ዝናብ የለም» የሚል ወሬ ብቻ ይደርሳል። አንተ ስታነብ ሦስቱንም ቁጥር አንብብ። አንዱን ብቻ ጠርተህ ከወጣህ ስብሰባውን ባትጠራው ይሻላል።

ሌላው የቦታ ጉዳይ ነው። ትንበያው ሰፊ አካባቢን በአንድ ቀለም ይቀባል። ሰሜን ሸዋ ደግሞ በአንድ ቀለም የሚቀባ አገር አይደለም። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ማሾና ማሽላ ታበቅላለች፤ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ በሁለቱ መካከል ከ11 ዲግሪ ያላነሰ ልዩነት አለ። የበልጉ እርጥበት ከምሥራቅ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ስለሚመጣ ገደሉን የሚመታው ፊት፣ አንኮበርንና ጣርማበርን የመሰለው፣ ሲዘንብበት ከኋላው ያለው ሜዳ ደመናውን እያየ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ በየጎጡ ዝናብ የሚለካ ሰው ይኑር። ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱ መስፋት ከጀመረበት በታች ቁረጥ፤ የተቆረጠውን አፍ ገልብጠህ እንደ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ክተት። ይህ የተጠራቀመውን ውሃ ከትነት ይጠብቃል። የአፉን ወርድ በማስመሪያ ለካ። ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 78.5 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 7.85 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። ውሃውን በመርፌ ሲሪንጅ ሳብና ለ7.85 አካፍል። በጠርሙሱ ጎን ላይ መስመር አስምሮ ማንበብ ያሳስታል፤ የጠርሙሱ ታች ጎድጎድ ያለ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሚሊ ሜትሮች ይጠፋሉ።

ጠርሙሱ በእንጨት ላይ ታስሮ አፉ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ከዚያ ዝቅ ካለ የመሬቱ ፍንጣቂ ይገባበታል። ከቤትም ከዛፍም ቢያንስ የቁመታቸውን ሁለት እጥፍ ይራቅ። 5 ሜትር ጎጆ ካለ 10 ሜትር ማለት ነው። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ይነበብ፤ ጣቢያዎቹም የሚያነቡት በዚያ ሰዓት ስለሆነ ማመሳከር ይቻላል። ያልዘነበበት ቀን «0» ተብሎ ይጻፍ እንጂ ባዶ አይተው፤ ባዶው «አልዘነበም» ይሁን «አልለካሁም» በኋላ ማንም አያውቀውም።

የመዝሪያውን ቀን ለመወሰን የሚረዳ መስፈርት አለ፤ በ3 ተከታታይ ቀናት 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበና ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ወር ውስጥ ለ10 ቀን የዘለቀ ድርቀት ካልመጣ ወቅቱ ገብቷል ይባላል። ሁለተኛው ክፍል ወደፊት የሚታይ ስለሆነ 20ው ሚሊ ሜትር ሲሞላ የ10 ቀኑን ትንበያ መጠየቅ ግድ ነው። በልግ ላይ ዘር የሚበላው ያ አሳሳች የመጀመሪያ ዝናብ ነው።

የአንጎለላ ፊዚክስ መምህር፦
ስለ ውርጩ ልጨምር። ይህን ጥያቄ እንደ ተቃውሞ አትቀበለው። ሰዎቹ ሳያውቁት ዋናውን መልስ በእጃቸው ይዘዋል።

እንዲህ ብለህ ጀምር፦ «አመዳይ የሚወርደው ምን ዓይነት ሌሊት ላይ ነው?» ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ነፋስ ሳይኖር» ይሉሃል። «ደመና ባለበት ሌሊትስ?» ስትል «አይወርድም» ይላሉ። አለቀ። መሬት ቀን ያገኘችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ደመናው ያንን ሙቀት ይውጥና ከፊሉን ወደ ታች መልሶ ይልካል። በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን በዓይን ሳይታዩ የሚሠሩት ያንኑ ነው። ልዩነቱ ደመናው ጠዋት ይበተናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን ግማሽ ያህሉ በአየር ላይ ይቀርና ለብዙ መቶ ዓመታት ይቆያል። መንዝ ውስጥ ይህን ለማስረዳት ከብርድ ልብስ ምሳሌ ይልቅ የደመናማ ሌሊት ምሳሌ ይሻላል፣ ምክንያቱም ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ራሱ ነው።

በዓይን እንዲታይ ከፈለግህ ሁለት የአልኮል ቴርሞሜትር አዘጋጅ። የሐኪም ቤቱ አይሆንም፤ እሱ ከ35 ዲግሪ በታች አያነብም። በመጀመሪያ ሁለቱንም በተከሰከሰ በረዶና ውሃ ድብልቅ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆይ፤ 0 ካላነበቡ የሚሳሳቱበትን መጠን መዝግብና በኋላ ቀንስ። በፈላ ውሃ ደግሞ «100 አላለም» ብለህ እንዳትጥላቸው፤ በደብረ ብርሃን ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጥርት ባለ የታኅሣሥ ሌሊት ሁለቱንም ከሣሩ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ አስቀምጥ፤ አንዱ ለሰማይ ክፍት ይሁን፣ ሌላው በአራት እንጨት ላይ በተወጠረ ሸራ ሥር። የሸራው ጎን ክፍት ይሁን፤ ከተዘጋ ንጽጽሩ ፍትሐዊ አይሆንም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አንብብ። ክፍቱ ዝቅ ብሎ ታገኘዋለህ።

ሦስተኛ ቴርሞሜትር ካገኘህ በሰው ቁመት ላይ ስቀልና ሌላም ነገር ይገለጥልሃል፦ እሱ 2 ወይም 3 ዲግሪ እያለ የሣሩ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። «ሬዲዮው 3 ዲግሪ አለ፤ ገብሱ ግን ተቃጠለ፤ ዋሹ» የሚባለው ከዚህ ይመጣል። ጣቢያው የሚለካው ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ በነጭ ሳጥን ውስጥ ያለውን አየር ነው፤ ውርጭ የሚመታው ግን ዛላውን ነው። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ስለዚህ በአንድ ማሳ ታች ተቃጥሎ ላይ ይተርፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በትምህርት ቤቶች የተለመደችውን፣ በአንዱ ጠርሙስ ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ደባልቆ በመብራት ማሞቅን አትሞክር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ጠርሙስ ይበልጥ ይሞቃል፤ ግን በዋነኛነት የሚሞቀው ጋዙ ከአየር ስለሚከብድና ከውጩ አየር ጋር ቶሎ ስለማይቀላቀል ነው። ሙቀት የማይውጥ አርጎን ቢጨመርበትም ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። እውነተኛውን ነገር በተሳሳተ ማሳያ ማስረዳት፣ አንድ ንቁ ተማሪ የነቃ ቀን፣ ሁሉንም ያፈርሳል።

«ፀሐይ ቀረበች» ለሚለው፦ ምድር በዓመቱ ውስጥ ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ነው፤ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። በሰኔ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ትርቃለች፤ 152 ሚሊዮን። መንዝ ላይ ውርጩ የሚጠነክረው ልክ በቀረበችበት ሰሞን ነው! ይህን አንድ ጊዜ ከተናገርህ ሰዉ ራሱ ያወራዋል። የፀሐይ ጉልበት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በሳተላይት ይለካል፤ በ11 ዓመት ዑደቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ከምድር ሙቀት ጋር እየጨመረ አልሄደም። ሌላም ምልክት አለ፤ የታችኛው አየር ሲሞቅ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ቀዝቅዟል። የፀሐይ ሥራ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ይሞቁ ነበር።

ኦዞን የተለየ ጉዳይ ነው። እሱ የሚከለክለው ቆዳና ዓይን የሚጎዳውን ጨረር ነው፤ ያሳሳውም ከድሮ ማቀዝቀዣዎችና ከመሳሰሉት የሚወጣ ጋዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል ስምምነት ምርቱ እንዲቀንስ፣ በኋላም እንዲቆም ተወስኖ አሁን እያገገመ ነው። ከሙቀቱ ጋር አታዳብለው።

«0.04 በመቶ የሆነች ጋዝ ምን ታመጣለች?» የሚል ተማሪ ቀመስ ሰውም አይጠፋም። ከአየሩ 99 በመቶ የሆኑት ናይትሮጅንና ኦክስጅን የመሬትን ሙቀት ጨርሶ አይውጡም፤ ሥራው የቀረው ለትንንሾቹ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከድንጋይ ከሰል ዘመን በፊት ከሚሊዮን 280 እጅ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ሃዋይ ላይ መለካት ሲጀመር 315 ገደማ፤ ዛሬ ከ420 በላይ ነው። የተጨመረው ከከሰልና ከነዳጅ እንደሆነ የሚታወቀውም በሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ለሚሊዮን ዓመታት የተቀበረ ካርቦን ውስጥ ካርቦን 14 የሚባለው ዓይነት ስለሌለ በአየሩ ውስጥ አሻራው ይታያል።

«የፈረንጅ ፖለቲካ ነው» ካሉህ ደግሞ ዓመቱን ጥቀስ። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ምድር በስንት ዲግሪ እንደምትሞቅ አስልቶ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1896፣ የአድዋ ድል በተገኘበት ዓመት ነው። ያኔ ጉዳዩን የያዘ ፖለቲካ አልነበረም።

የመንዝ ልማት ሠራተኛ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የባቄላውም የደመናውም በእጅ የሚገባ ነው። የባህር ዛፉና የአባቶች ነገር ግን አልተነካም። አንድ ወጣት ደግሞ «የድሮውን የሙቀት መዝገብ እያስተካከሉ ነው ሞቀ የሚሉት» የሚል ቪዲዮ አሳይቶኛል።

ባሕረ ሐሳብ፦
በአባቶች ልጀምር። ከእነሱ ጋር ክርክር አትግጠም፤ የሚያጣላ ነገርም የለውም። «ዝናብን የሚሰጥ ማነው» የሚለው የእነሱ ነው፤ «ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ» የሚለው የመለኪያው። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ጾምና በዓልን በቀመር የምታወጣ ስለሆነች ሒሳብን የሚጠላ ካህን አታገኝም። ስለዚህ የወንጌላዊውን ነገር በሒሳብ፣ አብራችሁ፣ በአክብሮት ፈትኑት። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው፤ ቀሪው 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ዮሐንስ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚያስታውሳቸውን ክፉ ዓመታት አስገባ። የ77ቱ ድርቅ የሚባለው ዝናቡ የጠፋው በ1976 ነው፤ 7476 ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ዮሐንስ። የ1994 ክረምት፦ 7494፣ ቀሪ 2፣ ማርቆስ። የ2007፦ 7507፣ ቀሪ 3፣ ሉቃስ። ሦስት ድርቅ በሦስት ወንጌላውያን። ውጤቱን አንተ አትናገር፤ ሰሌዳው ላይ ጽፈህ አባቶች ራሳቸው ያንብቡት። ከዚያ የ1994ቱና የ2007ቱ ኤልኒኖ የነበረባቸው ዓመታት መሆናቸውን ጨምር፤ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያለው ውሃ ሲሞቅ የእኛ ክረምት ብዙውን ጊዜ ይዳከማል። ኤልኒኖ የሚመላለሰው ከ2 እስከ 7 ዓመት ባለ ልዩነት ስለሆነ በአራት ዓመት ዑደት አይያዝም። የ1976ቱ ክረምት ግን የኤልኒኖ አልነበረም፤ ይህንንም ንገራቸው። አንድ ምክንያት ሁሉን አይገልጥም።

ከዚሁ ጋር አንድ አጥብቄ የምለው አለ፤ ድርቅ በመጣ ቁጥር «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» አትበል። የ2007ቱን ድርቅ ሳይንቲስቶች መርምረውት በዝናቡ እጥረት ላይ የለውጡ አሻራ በግልጽ አልታያቸውም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 ደቡብ ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያንና ኬንያን የመታውን መርምረው የሙቀቱ መጨመር እርጥበቱን ከአፈር እየመጠጠ ድርቁን እጅግ እንዳባባሰው ደረሱበት። የማያገኙትን «የለም» የሚሉ ሰዎች «አለ» ሲሉ ሊታመኑ ይገባል። ለእኛ አገር እርግጡ ሙቀቱ ነው፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ያህል ሞቃለች። የዝናቡ የወደፊት መጠን ላይ ግን የወደፊቱን አየር በኮምፒውተር የሚያሰሉት ሞዴሎች እርስ በርስ አይስማሙም። «እርግጠኛ የሆንበት ይህ፣ ያልሆንበት ያ» ብለህ ለይተህ አስቀምጥላቸው።

ስለ መዝገቡ ማስተካከል፦ አንድ ጣቢያ ከኮረብታ ላይ ተነሥቶ 100 ሜትር ዝቅ ወዳለ ቦታ ቢዛወር አየሩ ምንም ሳይለወጥ መዝገቡ 0.65 ዲግሪ «ሞቀ» ይላል። ያንን ካላረምህ ነው የምትዋሸው። የሚታረመው አጎራባች ጣቢያዎችን በማነጻጸር ነው፤ አንዱ ብቻ ድንገት ከዘለለና ጎረቤቶቹ ካልዘለሉ ችግሩ የጣቢያው ነው። ዛፍ ቢበቅልበት፣ አስፋልት ቢነጠፍበት፣ የንባብ ሰዓቱ ቢቀየርም እንደዚያው። ቪዲዮው የማይናገረው ደግሞ ይህ ነው፦ በዓለም ደረጃ ማስተካከያው የሙቀቱን ጭማሪ ቀንሶታል እንጂ አላበዛውም። ድሮ መርከበኞች የባሕሩን ውሃ በሸራ ባልዲ ቀድተው ሲለኩ ውሃው እየተነነ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ያ ሲታረም የድሮው ቁጥር ከፍ አለ፤ ከዛሬው ጋር ያለው ልዩነትም ጠበበ።

ጥቁር አፈር፦
ከእነዋሪ ወገን ስለ ባህር ዛፉ ባጭሩ። ግማሽ እውነት ስላለው «ውሸት ነው» አትበል። ባህር ዛፍ የአፈሩን ውሃ ይጠጣል፤ ምንጭ አጠገብ ከተተከለ ምንጩን ያሳሳል፤ ከማሳ ዳር ከሆነ የዳሩ ሰብል ይቀጭጫል። ደመናውን ግን አያባርርም። የእኛ ዝናብ እርጥበት ከውቅያኖስና ከኮንጎ ተፋሰስ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚመጣ ነው፤ የአንድ ቀበሌ ባህር ዛፍ የሚለውጠው አይደለም። ሰፊ ደን መኖሩ ዝናብን ይረዳል፤ ይህ ግን በአገርና በክፍለ አህጉር ስፋት የሚታይ ነው። ስለዚህ «ከምንጭ አርቃችሁ ትከሉ» በል እንጂ «ብትነቅሉት ይዘንባል» ብለህ ተስፋ አትስጥ።

ሰሞኑን ደግሞ «ደመናችንን ወሰዱብን» የሚል ወሬ ይነሣል። መንግሥት በ2013 ደመና ማበልጸግ መጀመሩን ስለ ገለጸ ነው። ደመና ማበልጸግ ሊዘንብ በተቃረበ ደመና ላይ ጨው ወይም ሲልቨር አዮዳይድ መርጨት ነው፤ ጥርት ባለ ሰማይ ላይ ምንም አይሠራም፤ ደመናንም ከአንድ አገር ነቅሎ ወደ ሌላ አይወስድም።

አንድ ነገር ለ«ዝናብ ለኪ»፦ መቶኛውን ማንበቡ ጥሩ ነው፤ ግን ገበሬው መጨረሻ ላይ «ታዲያ ምን ልዝራ?» ይላል። 45/35/20 ከሆነ መልሱ ማሳን መከፋፈል ነው። በቶሎ የሚደርሰውን የገብስ ዓይነት በሰፊው፣ የሚዘገየውን በጥቂቱ፤ ማዳበሪያውንም በአንድ ጊዜ ከመበተን ዩሪያውን ለሁለት ከፍሎ ሁለተኛውን ዝናቡ ከጸና በኋላ።

ዝናብ ለኪ፦
ትክክል ነው፣ ጨምርበት። ለማሳ ክፍፍሉም ያው ባቄላ ያገለግላል፤ ገበሬው በ10ሩ ዙር የጠቆረው ስንቴ እንደወጣ ቆጥሮ ከማሳው ስንት ጥማድ ለቶሎ ደራሹ እንደሚሰጥ ራሱ ይናገር። የተናገረውን ጻፍና በሰኔ ከጠርሙሱ መዝገብ ጋር አብራችሁ እዩት። ጠርሙሱን ግን በረዶ ሲጥል ቶሎ አትይ፤ በማንቆርቆሪያው አፍ የተከመረው እስኪቀልጥ ጠብቀህ ነው በሲሪንጅ የሚሳበው።